የሸዋ እህል በካልካታ

በ1841 እ.ኤ.አ. በካፒቴን ሐሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኞች ጓድ ከቦምቤ ተነሥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ገባ። የመጣው ለወዳጅነትና ለንግድ ውል ነው፤ ውሉም በዚያው ዓመት በኅዳር ተፈረመ። ነገር ግን ስለ ዕፀዋትና ስለ እንስሳት የሚመራመረው ዶክተር ሮት፣ ሠዓሊው በርናትዝም አብረው ነበሩ። ረዳቱ ካፒቴን ግራሃም ደግሞ የሸዋን እርሻና የምድሩን ፍሬ መርምሮ ጻፈ፤ ጽሑፉም በ1844 ካልካታ፣ በቤንጋል የእስያ ማኅበር መጽሔት ታተመ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን የመሰለውን ሁሉ «የሰላይ ወረቀት» እያሉ ገሸሽ ያደርጉታል። እውነት ነው፤ የሰው ጎተራ የሚቈጥር ነጋዴ ለጽድቅ ብሎ አይደለም። ቢሆንም ሰላይም ዓይን አለው። ደግሞስ ካፒቴኑ ጤፍን ከዳጉሳ መለየት ከእናቱ ማሕፀን ይዞት አልወጣም፤ ያስተማረው ባላገር አለ። በርእሱ ሥር የሰፈረው ስም ግን የካፒቴኑ ነው።

በበኩሌ የሚቈጨኝ፣ ለሸዋ ገበሬ ዕውቀት ምስክር ፍለጋ የእንግሊዝኛ መጽሔት ማገላበጣችን ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የዘር ባንክ ተቋቁሟል፤ ዘሩ እዚያ ይቀመጣል። የዘሩን ስም፣ የሚዘራበትን ወር፣ የትኛው ገብስ ለጠላ የትኛው ለቆሎ እንደሚሆን የሚያውቁት አያቶቻችን ግን በማቀዝቀዣ አይቀመጡም። «ይኸ የእርሻ ኮሌጅ ሥራ ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም! ቃል መሰብሰብ የእኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ሥራ ነው። በመጪው ክረምት አገር ቤት የሚወርድ ሁሉ አንድ ደብተር ይያዝ፤ በመጀመሪያው መስመር ላይም የተናጋሪውን ስም ከነአባት ስሙ ይጻፍ።