የጋራዥ ሥራ ጉድለትና የኪሣራ አጠያየቅ

ከመቀሌ ወደ ደቡብ ተነሥቶ በአዲ ጉዶም በኩል የአምባላጌን ዳገት ከወጣ በኋላ ወደ ማይጨው ለሚወርድ የጭነት መኪና፥ ፍሬን ማለት የነጂው ሕይወትና የነጋዴው ሀብት የተንጠለጠሉበት ነገር ነው። እንግዲህ ትናንት ከጋራዥ ታድሶ የወጣ ፍሬን ዛሬ በቍልቍለቱ ላይ አልይዝ ቢል ጉዳቱን የሚከፍለው ማን ነው? ይህን የመሰለው ክርክር ብዙውን ጊዜ በጭቅጭቅ ተጀምሮ በዝምታ ይቀራል።

ይህም የሚሆነው ሕግ ስለ ጠፋ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2610፥ ሥራ ተቋራጭ ዋጋ የሚከፈለው በራሱ ኀላፊነት አንድን ውጤት ሊያስገኝ ግዴታ ስለ ገባ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ «የቻልኩትን ያህል ደክሜአለሁ» የሚለው መልስ በወዳጅ ዘንድ ቢያስምር እንኳ በዳኛ ፊት የሚያድን አይመስልም። በቍጥር 1791 መሠረትም ግዴታውን ያልፈጸመ ወገን፥ ከዐቅም በላይ የሆነ ነገር እንደ ከለከለው ካላስረዳ በቀር፥ ኪሣራ ከፋይ ነው። ኪሣራውም የመለዋወጫው ዋጋ ብቻ ሳይሆን መኪናው ቆሞ የቀረውን ኪራይ ጭምር ሊያካትት ይችላል።

ዳሩ ግን ባለ መኪናው መብቱን በገዛ እጁ ያጠፋዋል። ቍልፉን አስረክቦ፥ የሚሠራውን በቃል ነግሮ፥ ያለ ደረሰኝ ከፍሎ ይሄዳል። የተነቀለውን የፍሬን ሸራ እንኳ አይጠይቅም። ብልሽቱ በታየ ጊዜ ደግሞ በቍጣ ወደ ሌላ ጋራዥ ወስዶ ያስፈታዋል፤ በዚያችው ሰዓት ማስረጃው ተበተነ ማለት ነው። ሕጉ በቍጥር 1772 ውሉን ያልፈጸመው ወገን አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲደርሰው ያዝዛል። ስለዚህ መኪናውን አቁሞ፥ ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ የመጀመሪያውን ጋራዥ በጽሑፍ ጠርቶ፥ ገለልተኛ መካኒክ ባለበት ማስመርመር ይሻላል።

ለጋራዦችም ፍርድ መስጠት ይገባል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነቱ ዘመን መለዋወጫ በጠፋበት ጊዜ ካረጀ ዕቃ እያዋደዱ መኪና ያስነሡ መካኒኮች ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባቸውም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ መንገዱ እየተከፈተ ሲሄድ ግን ለደንበኛው ሳይነግሩ አሮጌ ዕቃ መግጠም ምክንያት አጣ። አሮጌውን ዕቃ ያመጣው ራሱ ባለ መኪናው ከሆነ ደግሞ ያ ዕቃ ያመጣውን ጉዳት በጋራዡ ላይ መጫን ግፍ ነው።

ባለ ጭነት መኪናውም ባለ ጋራዡም ነጋዴዎች ናቸውና የከተማው ንግድ ምክር ቤት ለሁለቱም የሚሆን አንድ ገጽ የሥራ ማዘዣ ቢያዘጋጅ ተገቢ ነው። የታዘዘው ሥራ፥ የመለዋወጫው ዓይነትና አቅራቢው፥ ዋጋውና የዋስትናው ጊዜ ይጻፍበታል፤ የተነቀለው ዕቃም መመለሱ ይመዘገብበታል። ለጥቂት ሺህ ብር ክርክር የፍርድ ቤት ቀጠሮ ስለሚከብድ፥ በ2013 ዓ.ም. በወጣው የግልግል ዳኝነት አዋጅ ቍጥር 1237 መሠረት ጠባቸውን በገላጋይ ዳኛ እንዲጨርሱ የሚያስማማ አንድ መስመር ከግርጌው ይታከል። ሁለቱም ከፈረሙ በኋላ አንዱ ቅጂ በመኪናው ውስጥ፥ ሌላው በጋራዡ መዝገብ ይቀመጣል።