ማለዳ በአባያ ሐይቅ ዳር

ባልና ሚስት ከቤት ጣጣ ጥቂት ራቅ ብለው አንድ ማለዳ አብረው ቢያሳልፉ፣ በቤት ውስጥ ሲነገር ሰሚ ያጣው ቃል ይሰማል። እኛም ባለፈው በጋ ጸሎታችንን አድርሰን፣ ከባለቤታችን ጋር በሌሊት ከበዴሳ ተነሥተን ወደ አባያ ሐይቅ ወረድን። አዞና ጉማሬ የሚኖሩበት ውኃ ነውና ከዳርቻው ራቅ ብለን ቆምን።

ውኃው ቀልቶ ቢታየን፣ «የጎሕ ቀለም ነው» ብለን ነገርናት። ፀሐይ ወጣች፤ ቅላቱ ግን አልለቀቀም። እርስዋም በዝግታ፣ «የጓሯችን አፈር ነው» አለችን።

እውነትዋን ነበር። አባያን የሚያቀላው የብላቴ ወንዝና መሰሎቹ ከደጋው ጠርገው የሚያወርዱት ደቃቅ አፈር ነው። ይህንን ለተማሪዎቻችን ስናስተምር ኖረናል። እርስዋ ግን «ከእንሰቱ በላይ እርከን ይሠራ» እያለች ሦስት ክረምት ስትለምነን፣ ሰምተን እንዳልሰማን ሆነን ነበር።

በማግስቱ እርስዋ መስመሩን እያሳየችን ቆፈርን።

ውድ አንባብያን ሆይ፣ የሚስቱን ምክር እንደ ንዝንዝ የሚቆጥር ባል፣ ቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ታጥቦ ሲሄድ አያስተውልም።