ጎንደርን ያላቃጠሉ ቴዎድሮስ

በመድረክም በስክሪንም ደጋግመን የምናያቸው ዐፄ ቴዎድሮስ ሹሩባቸውን ተሠርተው፣ ጦራቸውን ነቅንቀው ስለ አንድነት ይፎክራሉ፤ ከዚያ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ይጠጣሉ። በመካከሉ የነበረው ሰው ተቆርጦ ወጥቷል። የሚሰጠው ምክንያት ሁሌም አንድ ነው፤ የጀግናን ገመና ማውጣት ነውር ነው ይባላል።

በዚህ ቆረጣ መጀመሪያ የሚጎዳው ታሪኩ ራሱ ነው። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደር ዙላ ላይ አራግፎ ወደ መቅደላ ሲገሰግስ በመንገዱ የተዋጋው መስፍን የለም። የትግራዩ ካሣ፣ የኋላው ዐፄ ዮሐንስ፣ አሳለፉት፤ ገበሬውም እህሉን ሸጠለት። ለምን? በ1859 ዓ.ም. ጎንደር በቴዎድሮስ እጅ ስለተቃጠለች፣ አብያተ ክርስቲያናቷ ስለተዘረፉ፣ የንጉሡ ሠራዊት የገበሬውን ጎተራ ስላራቆተ ነው። ይህን የሸሸገ ፊልም ንጉሡን የጣላቸው የእንግሊዝ መድፍ ብቻ እንደሆነ ይነግረናል። ይህ ሐሰት ነው።

ነውር የሚለውም ክርክር ከቤታችን አልወጣም። የቴዎድሮስን ዜና መዋዕል የጻፉት አለቃ ወልደ ማርያም የዘመኑን ጭካኔ ሳይሸፋፍኑ ጽፈዋል። እሳቸው በብዕር የደፈሩትን ካሜራ ለምን ይፈራል? አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው «ሊንከን» ፊልም ፕሬዚዳንታቸው ድምፅ በሹመት ሲያስገዛ፣ የገዛ ልጁን በጥፊ ሲመታ፣ የመፀዳጃ ቤት ቀልድ ሲያወራ አሳይተዋል። ሊንከን ግን አላነሰባቸውም።

የእኛ ፊልም ሠሪዎች የሚያልፉት ሀብት ያንገበግበኛል። ቴዎድሮስ አባቷን ደጃዝማች ውቤን ያሰሩባትን ጥሩወርቅን አገቡ፤ እሷ ግን፣ እንደሚነገረው፣ ሲገቡ ቀና ሳትል ዳዊቷን ትደግም ነበር። ያገሩ ጌታ በገዛ እልፍኛቸው የሚናቁበትን ያንን ምሽት ማን ቀረጸልን? «የኮሶ ሻጭ ልጅ» የሚለው ስድብ እስከ መጨረሻው ሲቆጠቁጣቸውስ?

ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ለማድረስ መንገድ ሲጠረግ ንጉሡ ከወታደሩ ጋር በገዛ እጃቸው ድንጋይ ፈንቅለዋል። ብዙም ሳይቆይ፣ በጸሎተ ሐሙስ፣ እስረኞችን ከገደል አስወረወሩ። ሁለቱንም ያደረጉት አንድ ሰው ናቸው፤ ሁለቱንም የሚጫወት ተዋናይ፣ ሁለቱንም የሚጽፍ ደራሲ እንፈልጋለን።