የአንድ በመቶ ባለቤቶች

የመንግሥት ድርጅት ይሸጥ በተባለ ቁጥር ሁለት መፈክሮች ይጋጫሉ። አንዱ ወገን "አገር ተሸጠ!" ይላል፤ ሌላው ደግሞ "መንግሥት ነጋዴ አይደለም፤ ይሽጥና ይገላግለን" ይላል። እኛን ሁለቱም አልተዋጡልንም። ጠያቂ የሌለው ባለቤት መንግሥትም ሆነ ባለሀብት ያው ነውና።

እስቲ ኢትዮ ቴሌኮምን እንይ። ኢሕአዴግ ድርጅቱን በከፊል ለመሸጥ የወሰነው በግንቦት 2010 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋ በ43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪ ደግሞ በ40 በመቶ ቀነሰ። ልብ በሉ! ያኔ አንድም አክሲዮን አልተሸጠም፤ ሳፋሪኮምን የያዘው ጥምረት እንኳ ፈቃድ ያገኘው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ባለቤቱ ያው የድሮው መንግሥት ነበር። እንግዲህ ዋጋውን መቀነስ ቀድሞም ይቻል ነበር ማለት ነው። የጎደለው የሚያስገድድ ነበር። በእኛ እምነት፣ ብቻን የመነገድ ዘመን ሊያበቃ መሆኑ ሲታወቅ ነው እጅ የተፈታው።

ሽያጩስ? በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የድርጅቱ 10 በመቶ፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱ በ300 ብር ለኢትዮጵያውያን ቀረበ። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር። የካቲት ላይ ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ሆነ። ደምሩት፤ ከጠቅላላው ድርጅት አንድ በመቶ ትንሽ ቢያልፍ ነው።

"ሕዝቡ ገንዘብ የለውም" ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ የቤት ኪራይ ከፍሎ 9,900 ብር የሚተርፈው ስንቱ ነው? ነገር ግን ገንዘብ ያለውም ቢሆን የሚጠይቀው አለው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ለሳምንታት ቆይቷል። በክልሎች ደግሞ ከዚያ የረዘመ መዘጋት አይተናል። ነገ ሱቁ በትእዛዝ ሲዘጋ የባለ 33 አክሲዮኑን ኪሳራ ማን ይከፍላል? አንድ እጅ ይዞ ዘጠና ዘጠኝ እጁን በድምፅ የሚረታ የለም።

እኛ "አትሽጡ" አላልንም። እንዲያውም ሽጡ! ግን መጀመሪያ ሦስት ነገር እንፈልጋለን። ከሽያጩ የሚገኘው ብር የት እንደገባ በፓርላማ ፊት በዝርዝር ይነገር። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከመንግሥቱም ከግሉም ተወዳዳሪ እኩል ይራቅ። አገልግሎት በትእዛዝ ሲቋረጥ ካሳው በሕግ ይጻፍ።

ይህ ካልሆነ ነገሩ ፕራይቬታይዜሽን ሳይሆን መዋጮ ነው። መዋጮ ደግሞ ለምደነዋል፤ አዲስ ስም አያስፈልገውም።