ባዶ ዝርዝር እንዴት ይነበባል?

በዋግ ኽምራ ዞን ያለ አንድ ጤና ኬላ «በዚህ ወር የወባ ሕመምተኛ አላገኘሁም» ብሎ ሪፖርት ሲያደርግና ሪፖርቱ ጨርሶ ሳይደርስ ሲቀር ነገሩ ለየቅል ነው። ይሁንና ጤና ሚኒስቴር በአገር አቀፍ ደረጃ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የመረጃ ሥርዓት፣ በተለይ ካልታዘዘ በቀር፣ ዜሮን መዝግቦ አያስቀምጥም። ምክንያቱ ቦታና ጊዜ መቆጠብ ነው፤ ውጤቱ ግን ዜሮና ዝምታ በሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓይነት ባዶ ሣጥን ሆነው መታየታቸው ነው። ስለዚህ ሪፖርት ማን እንዳደረሰና ማን እንዳላደረሰ ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት የዞኑ ወረዳዎች መብራትና ስልክ ተቋርጦባቸው ሲከርሙ፣ ከአበርገሌ ወረዳ ቁጥር አለመምጣቱን «በሽታ የለም» ብሎ የተረጎመ ባለሙያ ይኖራል ብሎ መገመት ያስቸግራል። ባለሙያው ጦርነቱን ያውቃላ። ማሽን የሚያውቀው ግን የተነገረውን ያህል ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ሶፍትዌር ራሱ በሚሠራበት ቦታ እየተደገመ ነው። ዲኤችአይኤስ 2 ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው፣ ኮዱም ለማንም ክፍት የሆነ ሥራ ነው። እንዲህ ባለ ሥራ አንድ ፕሮግራመር ያዘጋጀው ለውጥ ከዋናው ኮድ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ሌላ ሰው አይቶ ያጸድቀዋል፣ ወይም «ይህን አስተካክል» ብሎ ይመልሰዋል። ይህ የኮድ ግምገማ ይባላል፤ ማይክል ፌገን በአይቢኤም ሥርዓት ካስያዘለት ከ1976 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሙያው ልማድ ነው። አዲሱ ነገር፣ የትኛው ለውጥ ተገመገመ፣ የትኛው ተቃውሞ ገጠመው፣ የትኛው ወረፋ ይጠብቃል የሚለውን ዝርዝር የሚጠይቀው ሰው ብቻ አለመሆኑ ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ወኪሎች ዝርዝሩን ራሳቸው ጠይቀው፣ ራሳቸው አንብበው፣ ቀጣዩን እርምጃ ራሳቸው ይወስዳሉ።

ወኪሉ ዝርዝሩን የሚያወጣለትን መሣሪያ የሚያውቀው በተጻፈለት መግለጫ ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያው አንትሮፒክ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው፣ ወኪሎችን ከመሣሪያዎች ጋር በሚያገናኘው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል፣ እያንዳንዱ መሣሪያ ስሙንና ምን እንደሚሠራ የሚናገር ጽሑፍ ይዞ ይቀርባል። ለሰው ይህ ጽሑፍ የእጅ መጽሐፍ ነው፤ ቢሰለቸው ይዘለዋል፣ የጎደለውን የሥራ ባልደረባውን ጠይቆ ይሞላዋል። ወኪሉ የሚጠይቀው ባልደረባ የለውም። ስለዚህ «የኮድ ግምገማዎችን ይዘረዝራል» የሚል አንድ መስመር ጽፎ መተው ሰነድ ማዘጋጀት አይደለም፤ ወኪሉን በግምት እንዲሠራ መልቀቅ ነው።

ግምቱ የት ላይ እንደሚሳሳት ኮድ የሚቀመጥበትና የሚገመገምበት ጊትሀብ ጥሩ ማሳያ ነው። የግምገማ ዝርዝር ሲጠየቅ ሌላ ካልተባለ 30 ብቻ ያቀርባል፤ በአንድ ገጽ ቢበዛ 100። በርካታ ገምጋሚ ያየው ትልቅ ለውጥ ከዚህ ሊያልፍ ይችላል፤ ዝርዝሩ ከቀዳሚው ግምገማ ስለሚጀምር ደግሞ የመጨረሻው ተቃውሞ 31ኛው ላይ ሊገኝ ይችላል። ከዚህ የባሰው የፈቃድ ጉዳይ ነው። ጠያቂው የማየት ፈቃድ የሌለውን የግል የኮድ ማኅደር ሲጠይቅ ጊትሀብ «አልተገኘም» ይላል እንጂ «ተከልክለሃል» አይልም። ለደኅንነት ሲባል ትክክል ነው፤ የማኅደሩን መኖር እንኳ አያጋልጥምና። መሣሪያውን የሠራው ሰው ይህን መልስ ወደ ባዶ ዝርዝር ከለወጠው ግን ወኪሉ «ተቃውሞ የለም» ብሎ ያነበዋል፤ ተቃውሞ የሌለበትን ለውጥ ቀላቅል ተብሎ ከታዘዘም ይቀላቅለዋል። በዚህ መሀል ጊትሀብንም ሆነ ወኪሉን መውቀስ ያዳግታል። ጊትሀብ ደንቡን ጠብቋል፣ ወኪሉ ትእዛዙን ፈጽሟል፤ የጎደለው ባዶው ምን ማለት እንደሆነ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ነው።

«እነዚህ ማሽኖች እኮ ብልህ ናቸው፣ ሞክረው ይደርሱበታል» የሚል ክርክር አለ። አንዳንዴ ይደርሱበታል። ሆኖም የተቆረጠ ዝርዝር መቆረጡን ራሱ አይናገርም፤ ሠላሳ ግምገማ ያየ፣ ሰው ይሁን ማሽን፣ ሠላሳ አንደኛውን የሚፈልግበት ምክንያት የለውም። ክብደት ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ወኪሉ በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለው ጽሑፍ ውስን ስለሆነ፣ የመሣሪያው ሁሉ መግለጫ ቢንዛዛ ለሥራው ቦታ አይተርፍም። እውነት ነው። ነገር ግን የሚበዛው ጽሑፍ መሣሪያውን የሚያሞግሰው ነው፤ እሱ ይቀነስ። ዝርዝሩ ስንት ላይ እንደሚቆም፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚመጣ፣ ባዶ ሲሆን «የለም» ይሁን «አላየሁም»፣ አንድ ገምጋሚ ሐሳቡን ቢለውጥ የቱ እንደሚጸና መጻፍ ከጥቂት መስመር አያልፍም።

ይህ ሁሉ በዋግ ኽምራ ካለችው ከሰቆጣ ከተማ ጋር ምን አገናኘው ለሚል፣ መልሱ በከተማዋ ስም በተጠራው ቃል ኪዳን ውስጥ አለ። የሰቆጣ ቃል ኪዳን በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ሲታወጅ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማስቆም ነበር። እንዲህ ያለ ግብ የሚመራው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩን የሚደምረው ሶፍትዌር ደግሞ ሰቆጣ ያለ ማንም ሰው በማያየው ቦታ ይሻሻላል። ያልተገመገመ አንድ ለውጥ ያልደረሰን ሪፖርት እንደ ዜሮ መደመር ቢጀምር፣ ኔትወርክ የራቀው ወረዳ በወረቀት ላይ ከሁሉ ጤነኛው ይሆናል፤ ምግብና መድኃኒትም ወደ ሌላ ይሄዳል። ጦርነት ባይኖር እንኳ የዋግ ተራሮች ኔትወርክን ለማቋረጥ አያንሱም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙ አይደለም። ጤና ሚኒስቴርም ሆነ ሌላ መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር ሲያሠራ፣ የግምገማ ዝርዝር የሚያወጣው መሣሪያ ባዶ ሲመልስ ምክንያቱን ለይቶ እንዲናገርና ይህም በሰነዱ እንዲሰፍር በውሉ ላይ ማስገባት ይችላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ወጣቱን ኮድ ከማስጻፍ ባሻገር አንድ ፈተና ቢጨምርለት ይበጃል፦ መሣሪያ ሰጥቶ፣ ባዶ ዝርዝር የሚመልስባቸውን ምክንያቶች ሁሉ እንዲጽፍ መጠየቅ።