ፀጉርሽን ሳትሠሪ ነው የምትሄጂው?

ከሠርግ፣ ከምረቃ ወይም ከሥራ ቃለ መጠይቅ በፊት ይህን ያልተጠየቀች ከርዳዳ ፀጉር ያላት ሴት ጥቂት ናት። መልሱም ባብዛኛው ካውያ ወይም ሪላክሰር ነው። ጎፈሬ የጀግና ምልክት በነበረበት፣ የአፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ እስከ ዛሬ በየሥዕሉ በሚታይበት አገር ይህ መሆኑ ይገርመኛል። ጥፋቱን ሁሉ ግን በውጭ ፋሽን ላይ መለጠፍ አልችልም፤ ሉጫ ፀጉርን ስናሞካሽ ያደግነው እኛው ነን።

ሪላክሰር የፀጉሩን ጥቅል ይዘው የሚያቆሙትን የሰልፈር ትስስሮች ይበጥሳል። ከሥር የሚበቅለው ግን ከርዳዳ ሆኖ ስለሚወጣ፣ በየሁለት ወሩ ገደማ ወደ ሳሎን መመለስ ግድ ይላል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ የፀጉር ማለስለሻ በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ የሚጠቀሙ ሴቶች እስከ 70 ዓመታቸው በማኅፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 4.05 በመቶ፣ ፈጽሞ የማይጠቀሙት ደግሞ 1.64 በመቶ እንደሆነ ገምቷል። ዝምድና እንጂ መንስዔ አልተረጋገጠም፤ የጤና ዓምዳችን ልዩነቱን በጥንቃቄ ያስረዳል።

ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ቨርጂኒያና ሜሪላንድ በተፈጥሮ ፀጉር ሳቢያ የሚደረግን አድልዎ በ2020 እ.ኤ.አ. በሕግ ከልክለዋል። የአክስት አስተያየትን የሚከለክል ሕግ ግን እስካሁን አልወጣም!

ቀኑን ሙሉ የካውያ ጢስ የሚውጡትን ፀጉር ሠሪዎችም አነጋግረናል። ሪላክሰሬን አትንኩብኝ ያለች አንባቢያችን ደብዳቤም አንድ መስመር ሳይቆረጥ ወጥቷል።

አዘጋጁ