የጭልጋ የድንጋይ ደን በስፍራው ይጎብኝ

ከጎንደር በስተ ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በጭልጋ ወረዳ የሚገኘው ቅሪተ አካል በኢትዮጵያ የሳይንስ ትምህርት ውስጥ የሚገባውን ስፍራ አላገኘም። ሐዳርን የማይጠቅስ ተመራማሪ የለም፤ ሆኖም የሉሲ ዕድሜ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሲሆን የጭልጋ ዕፀዋት ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት ያስቈጥራሉ።

ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የሰሜን ምዕራቡን ደጋ የሸፈነው የባዛልት ፍሳሽ ከረጋ በኋላ፣ በላዩ በተፈጠረው ረባዳ ስፍራ ወንዞች ደለል አነጠፉ፤ እሳተ ገሞራም ዐመዱን አዘነበበት። በውኃ የሟሟ ሲሊካ ወደ ግንዶቹ ሰርጾ እንጨቱን ወደ ድንጋይ ሲለውጥ፣ ቅጠሎች በጭቃና በዐመድ መካከል ታትመው ቀሩ። ከእነዚህም መካከል ዘንባባዎች ተለይተው ታውቀዋል። በዚያው ተፋሰስ የአርሲኖይቴርየምና የጥንታዊ የዝሆን ዘመዶች አጥንት ተገኝቶ በ2003 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት ታትሟል። ግኝቱን ልዩ የሚያደርገው ስፍራው ነው፤ የዚያ ዘመን የአፍሪካና የዐረብ ምድር ማስረጃ በአመዛኙ የተገኘው እንደ ግብፁ ፋዩም ካሉ በጊዜው የባሕር ዳርቻ ከነበሩ ቦታዎች ነበር። ጭልጋ ግን የአህጉሩን ውስጥ ያሳያል።

አጥንት ተነሥቶ ወደ ሙዚየም ሲገባ፣ የተገኘበት ንብብር በጥንቃቄ እስከተመዘገበ ድረስ ብዙው ዕውቀት አብሮት ይሄዳል። ደን እንዲህ አይደለም። በግንድና በግንድ መካከል ያለው ርቀት፣ ሥሩ የያዘው ጥንታዊ አፈር፣ ግንዱን የቀበረው የዐመድ ውፍረት፣ ይህ ሁሉ በመሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም። ስለዚህ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ደኑን በእግሩ ሄዶ ሊያየው ይገባል።

ጎብኚ ዝርፊያን ያስከትላል፣ ዝምታ ይሻላል የሚሉ ወገኖች አሉ። ሥጋታቸው መሠረት አለው። በደቡብ እንግሊዝ ከለልወርዝ ኮቭ በስተ ምሥራቅ በአጭር የባሕር ዳር መንገድ የሚደረስበት ጥንታዊ ደን አብዛኛውን ግንዱን በሰብሳቢዎች አጥቷል፤ ዛሬ የሚታየው በግንዶቹ ዙሪያ የረጋው የድንጋይ ቀለበት ነው። ስፍራው በጦር ሠራዊት የተኩስ ልምምድ ክልል ውስጥ በመሆኑ የሚከፈተው በተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው። (ስሙን ከሠራዊት የወሰደው የጦር ኃይሎች ሰፈር ነዋሪ ይህን ሲሰማ ፈገግ ይል ይሆናል።) ነገር ግን ዝምታ ጭልጋን አይጠብቀውም። ማንም ምንነቱን ያልነገረው ገበሬ የድንጋይ ግንዱን ለካብ ቢያውለው የሚወቀሰው እርሱ አይደለም። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የድንጋይ ከሰሉ ነው፤ ሊግናይቱ የሚገኘው ቅሪተ አካሉን በያዘው የደለል ንብብር ውስጥ ነውና፣ ቁፋሮ ከጥናት ከቀደመ ደኑ ከነአፈሩ ይሄዳል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስን ትርጓሜ የሚጀምረው ከሰው የፈጠራና የሥራ ውጤት ነው፤ የተፈጥሮን ዕድገት መመስከርንም ይጠቅሳል። የሰው እጅ ያልነካው ደን በዚህ ትርጓሜ ውስጥ የቱ ጋ እንደሚቆም በግልጽ ሊጻፍ ይገባል።

እስከዚያው ግን ልምምዱ ከቅርብ ሊጀመር ይችላል። በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም የማይርቀው የሙሽ ሸለቆ 21.7 ሚሊዮን ዓመት ያስቈጠሩ የደን ቅጠሎችን በሐይቅ ደለል ውስጥ ይዟል። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ ከጦር ኃይሎች አደባባይ ማለዳ የተነሣ አውቶቡስ ተማሪዎቹን በዚያው ቀን አድርሶ ይመልሳል፤ የሚያስፈልገው ካርታ፣ ማስታወሻ ደብተርና ከስፍራው ምንም ላለማንሣት የተፈረመ ስምምነት ነው።